የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ዕውቅናው ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ በኋላ

ባለፉት ወራት ለዚህ ዓምድ ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ፣ ለትርፍ ያልተቋቋሙ የውጭ ድርጅቶች በትምህርት ቤቶች ውስጥ ስለሚሠሩት ሥራ፣ በተለይም ስለ ዕውቅና አሰጣጥና ስለ ንባብ መርሃ ግብሮች የሚጠይቁ ናቸው። ከድሬዳዋና ከሐረር ጋር የተያያዙትን አራቱን መርጬ መልስ ሰጥቼባቸዋለሁ። ራሴ በምሥራቁ የአገራችን ክፍል በመምህርነት፣ ኋላም በጉድኝት ሱፐርቫይዘርነት ረዘም ያለ ጊዜ ያሳለፍኩ በመሆኔ፣ መልሶቼ ከመመሪያና ከሰነድ ባሻገር ከክፍል ጀርባ ተቀምጬ ካየሁትም የተቀዱ ናቸው።

ጥያቄ፦ «የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ በድሬዳዋ ሳቢያን አካባቢ የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ልጆቼ የሚማሩበት የግል ትምህርት ቤት በቅርቡ ወላጆችን ሰብስቦ ‹ዓለም አቀፍ ዕውቅና› ለማግኘት ከአንድ የውጭ ድርጅት ጋር ሥራ መጀመሩን፣ በዚህም ምክንያት በሚቀጥለው ዓመት ክፍያ ላይ ጭማሪ እንደሚኖር ነግሮናል። ድርጅቱ ለትርፍ ያልተቋቋመ ነው ተብሏል። ታዲያ ለትርፍ ካልተቋቋመ ጭማሪው ከየት መጣ? ዕውቅናውስ ለልጆቼ ምን ይፈይድላቸዋል?»

መልስ፦ የተከበሩ እኅታችን፣ ወደ ሁለቱ ጥያቄዎችዎ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር መጥራት አለበት፤ እርሱም ትምህርት ቤቱ «ዕውቅና» ሲል የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ነው። አንድ የግል ትምህርት ቤት በሩን ከፍቶ ለማስተማር ከመንግሥት የሚያገኘው ፈቃድ ዕውቅና ይባላል። በኢንስፔክሽን ተመዝኖ የሚያገኘው ደረጃም በሰው አፍ ዕውቅና ሲባል ይሰማል። ከውጭ አገር ማኅበር የሚሰጠው የጥራት ማረጋገጫ እንዲሁ ዕውቅና ነው፤ አንድን የውጭ ሥርዓተ ትምህርት ለማስተማር የሚገኘው ፈቃድም በዚያው ስም ይጠራል። አራቱን የሚሰጡት አካላት የተለያዩ፣ የሚመሰክሩለትም ነገር የተለያየ ሆኖ ሳለ ስማቸው አንድ በመሆኑ፣ አንዱን ያገኘ ትምህርት ቤት ሌላውንም ያገኘ ሊመስል ይችላል።

እርስዎ የጠቀሱት ዓይነት ዕውቅና መነሻው አሜሪካ ነው። በዚያ አገር ለሁሉም ትምህርት ቤቶች አንድ መለኪያ የሚያወጣ ሚኒስቴር ስላልነበረ፣ ኮሌጆች ከየትኛው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመጣ ተማሪ በቂ ዝግጅት እንዳለው ለመለየት ይቸገሩ ነበር፤ ስለዚህ ትምህርት ቤቶችና ኮሌጆች ራሳቸው ማኅበር እያቋቋሙ እርስ በርስ መመዛዘን ጀመሩ። የኒው ኢንግላንድ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1885፣ የሚድል ስቴትስ ማኅበር ደግሞ በ1887 የተመሠረቱት በዚህ ምክንያት ነው። ቀድሞ አድቫንስኢዲ ይባል የነበረውና እ.ኤ.አ. በ2019 ኮግኒያ የሚለውን ስም የያዘው ድርጅትም ከመሰል የክፍለ አገር ማኅበራት ውህደት የተገኘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 በጄኔቫ የተቋቋመው ኢንተርናሽናል ባካሎሬት በአንጻሩ የራሱን ሥርዓተ ትምህርት ይዞ የሚመጣ፣ ትምህርት ቤቱ ያንን ለማስተማር ብቁ መሆኑን መርምሮ ፈቃድ የሚሰጥና በየ5 ዓመቱ ገደማ ተመልሶ የሚገመግም ድርጅት ነው። ሁሉም ለትርፍ ያልተቋቋሙ ናቸው።

ሆኖም ለትርፍ ያለመቋቋም አገልግሎትን በነጻ ከመስጠት ጋር አንድ አይደለም። ቃሉ የሚናገረው ከገቢው የተረፈው ገንዘብ ለባለቤት ወይም ለባለ አክሲዮን ሳይከፋፈል ለተቋቋመበት ዓላማ የሚውል መሆኑን ብቻ ነው። ትምህርት ቤቱ የማመልከቻ ክፍያ፣ ዓመታዊ መዋጮ፣ የጎብኚዎቹን የጉዞና የማረፊያ ወጪ ይከፍላል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ መለኪያውን ለማሟላት የሚያወጣው የራሱ ወጪ አለ። ስለዚህ በቀጥታ ለድርጅቱ የሚከፈለው ስንት ነው፣ ለመምህራን ሥልጠና፣ ለቤተ ሙከራና ለመጻሕፍት የሚውለውስ ስንት ነው ብለው ከሌሎች ወላጆች ጋር ሆነው ዝርዝሩን ይጠይቁ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ያነሰ ሆኖ ከተገኘ ጭማሪው የወረቀቱ ዋጋ እንጂ የትምህርቱ ዋጋ አለመሆኑን ይረዳሉ።

በዚህ ሥራ ውስጥ ጥቅም የሚሰጠው ክፍል የምስክር ወረቀቱ ከመምጣቱ አስቀድሞ የሚካሄደው ነው። ዕውቅና ፈላጊው ትምህርት ቤት በመጀመሪያ ራሱን በጽሑፍ ይመረምራል፤ ይህ ግለ ግምገማ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ቀጥሎ ከሌሎች ትምህርት ቤቶች የተውጣጡ መምህራንና ርዕሳነ መምህራን መጥተው ለጥቂት ቀናት ክፍል ገብተው ያያሉ፣ ተማሪዎችንና ወላጆችን ያነጋግራሉ፣ የተጻፈውን ካዩት ጋር ያመሳክራሉ። የሚተዉት ሪፖርት መሻሻል ያለበትን በዝርዝር ያሰፍራል፤ ከዓመታት በኋላም ተመልሶ የሚጠይቅ አካል አለ። ተመልሶ የሚጠይቅ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው፤ በእኛ ዘንድ ብዙ ዕቅድ የሚሞተው የሚጠይቅ በማጣቱ ነውና።

በሱፐርቫይዘርነት ዘመኔ ያየሁትን አንድ ነገር ልንገርዎ። አንድ ትምህርት ቤት የማሻሻያ መርሃ ግብሩን ግለ ግምገማ ሲያቀርብ በሁሉም መስክ ለራሱ «በጣም ከፍተኛ» ሰጥቶ ነበር። ግቢውን ስንዞር የሴት ተማሪዎች መጸዳጃ ቤት መወርወሪያ በውጭ በኩል ብቻ የተገጠመ፣ ከውስጥ የማይዘጋ ሆኖ አገኘነው። ልጃገረዶቹን ስንጠይቅ ከዓመት በፊት ጀምረው ሲናገሩት የቆዩት ነገር ነበር፤ ነገር ግን ቅጹን አንድ ሰው ብቻውን በአንድ ምሽት የሞላው በመሆኑ የእነርሱ ቃል የገባበት ቦታ አልነበረም። በተከታዩ ዓመት ቅጹ በተማሪዎች፣ በወላጆችና በመምህራን ተከፋፍሎ ሲሞላ ነጥቡ በብዙ አሽቆለቆለ፤ ትምህርት ቤቱ መሻሻል የጀመረው ግን በዚያው ዓመት ነው። የውጭውም ማኅበር ቢሆን ከዚህ የተለየ ተአምር ይዞ አይመጣም። ግለ ግምገማው በእውነት ከተሠራ ዋጋ አለው፤ በአንድ ምሽት ከተሞላ ግን ከአሜሪካም ይምጣ ከአውሮፓ ያው ነው።

በዚሁ አጋጣሚ የራሳችንን መለኪያ እንዳይዘነጉት አደራ እላለሁ። የአጠቃላይ ትምህርት ኢንስፔክሽን ትምህርት ቤቶችን በ26 ስታንዳርዶች ይመዝናል፤ ከነጥቡ 25 በመቶው ለግብዓት፣ 35 በመቶው ለሂደት፣ 40 በመቶው ለውጤት የተመደበ ነው። ከ50 በመቶ በታች ያገኘ ደረጃ 1፣ ከ50 እስከ 70 ያለው ደረጃ 2፣ ከ70 እስከ 90 ያለው ደረጃ 3፣ ከ90 በላይ ያገኘው ደረጃ 4 ይባላል። አብዛኞቹ የአገራችን ትምህርት ቤቶች ከደረጃ 3 በታች ናቸው። የልጆችዎ ትምህርት ቤት በዚህ መለኪያ የት እንደሚገኝ፣ በየትኞቹ ስታንዳርዶችም እንደወደቀ ይጠይቁ፤ በአገር ውስጥ መለኪያ የታየበትን ጉድለት ሳያርም የውጭ ዕውቅና የሚያሳድድ ትምህርት ቤት ቅደም ተከተሉን አዛብቷል የሚል እምነት አለኝ።

ለልጆችዎ የሚኖረውን ጥቅም በተመለከተ፣ ከአገር ውጭ የመማር ዕድል ቢያጋጥማቸው ከታወቀ ማኅበር ዕውቅና ካለው ትምህርት ቤት የተሰጠ የውጤት መግለጫ በቀላሉ መታመኑ እውነተኛ ጥቅም ነው። በአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡ ከሆነ ግን በሩ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው፤ ይህም በር ምን ያህል እንደጠበበ ያውቁታል፤ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። የውጭ ሥርዓተ ትምህርት የምስክር ወረቀት ይዞ በአገር ውስጥ መቀጠል የሚፈልግም የአቻ ግምት ማሠራት ይኖርበታል።

በሚቀጥለው ስብሰባ ትምህርት ቤቱ «አባል» ነው፣ «እጩ» ነው ወይስ «ዕውቅና ያገኘ» ነው ብለው ለይተው ይጠይቁ፤ ሦስቱ በጣም ይለያያሉ። የሚሰጥዎትንም መልስ ዕውቅና ሰጪው ድርጅት ራሱ በድረ ገጹ ከሚያወጣው የትምህርት ቤቶች ዝርዝር ጋር ያመሳክሩ፤ ገንዘብ ለከፈለ ሁሉ አንድም ሰው ሳይልኩ ወረቀት የሚልኩ «ማኅበራት»ም በዓለም ላይ አይጠፉምና። የጎብኚዎቹ ሪፖርት ለወላጆች ይነበባል ወይ የሚለውም ጥያቄ አይቅር።

ጥያቄ፦ «በሐረር ከተማ ጀጎል ውስጥ በሚገኝ የመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ነኝ። አንድ የውጭ በጎ አድራጎት ድርጅት ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ለሚገኙ ተማሪዎች የ3 ዓመት የንባብ መርሃ ግብር ሊጀምርልን ይፈልጋል። መምህራኑ በሁለት ተከፍለዋል። ከዚህ በፊት የመጡት ፕሮጀክቶች ሥልጠና ሰጥተው፣ ፎቶ አንስተው ሄደዋል፣ ምንም አልቀረም የሚሉ አሉ። እንቀበል? ከተቀበልንስ ምን ብለን?»

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ተቀበሉ እላለሁ፤ ነገር ግን የእናንተን ውል ይዛችሁ ተቀበሉ። የመምህራኑ ቅሬታ ከድካም የመጣ እንጂ ከስንፍና የመጣ አለመሆኑን ስለማውቅ፣ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ።

ንባብ ላይ መሠራት እንዳለበት የሚያከራክር አይመስለኝም። በ2002 ዓ.ም. ሐረሪኛን ጨምሮ በስድስት ቋንቋዎች በተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው አጭር ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ሁለት ዓመት ተምሮ አንዲት ቃል ያላነበበ ልጅ በ5ኛ ክፍል ሳይንስና ኅብረተሰብ እንዴት ይገባዋል? በ12ኛ ክፍል የምናለቅስበት ውጤት ሥሩ እዚያ ነው።

የውጭ ድርጅቶች የሚያመጡት መፍትሔ ግን ሁሉ እኩል አይደለም፤ ይህንንም የሚያሳይ በጎረቤታችን በኬንያ የተደረገ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አንድ የሆላንድ በጎ አድራጎት ድርጅት በምዕራብ ኬንያ በቡሲያ አካባቢ ለሚገኙ ትምህርት ቤቶች የመማሪያ መጻሕፍት ሰጠ። ኋላ እ.ኤ.አ. በ2019 የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ማይክል ክሬመር ከባልደረቦቹ ጋር ውጤቱን መጽሐፍ ካላገኙ ትምህርት ቤቶች ጋር ሲያነጻጽር፣ የተማሪዎቹ አማካይ ውጤት ከፍ አለማለቱን፣ የተጠቀሙት ቀድሞውንም ጎበዝ የነበሩት ብቻ መሆናቸውን አገኘ። ምክንያቱ መጻሕፍቱ ለብዙዎቹ ልጆች ሦስተኛ ቋንቋቸው በሆነው በእንግሊዝኛ የተጻፉ መሆናቸው ነበር። መልካም ልብ፣ በቂ ገንዘብ፣ አዲስ መጽሐፍ ሁሉም ነበረ፤ ልጁ የደረሰበትን ደረጃ ቀድሞ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ይህን ጥያቄ አስቀድሞ የጠየቀው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በሕንድ በሙምባይ የተመሠረተው ፕራታም የተባለ ድርጅት ነው። ፕራታም ልጆችን በክፍላቸው ሳይሆን በንባብ ደረጃቸው ይመድባል፤ ፊደል የማይለየው ከፊደል፣ ቃል የሚያነበው ከዓረፍተ ነገር፣ ዓረፍተ ነገር የሚያነበው ከአጭር ታሪክ እንዲጀምር እያደረገ በቀን አንድ ሰዓት ያህል ያስተምራል። ዘዴው በተደጋጋሚ ጥናት ተፈትኖ ውጤት በማሳየቱ ዛምቢያን የመሰሉ የአፍሪካ አገሮችም ወስደውታል። ከፍ ያለ ገንዘብ የማይጠይቅ በመሆኑ ድርጅቱ ቢሄድም ትምህርት ቤቱ ሊቀጥለው የሚችል ነው። ሴቭ ዘ ችልድረን በአገራችንም የሞከረው የንባብ መርሃ ግብር ደግሞ መምህራንን ከማሠልጠን ባሻገር ከክፍል ውጭ የሰፈር የንባብ ቡድኖችንና በሳጥን የሚዞሩ መጻሕፍትን ይጨምራል፤ ልጁ ከትምህርት ሰዓት በኋላም ፊደል እንዲያይ ማድረጉ ጥንካሬው ነው።

አሁን ወደ እናንተ ግቢ ልመለስ። በመጀመሪያ ከድርጅቱ ጋር ከመነጋገራችሁ በፊት ራሳችሁ መዝኑ። አንድ መምህር እያንዳንዱን የ3ኛ ክፍል ተማሪ ለብቻው ጠርቶ፣ አይቶት የማያውቀውን የክፍሉን ደረጃ የሚመጥን ምንባብ ይስጠው፤ በስልክ ሰዓት አንድ ደቂቃ ለክቶ በትክክል ያነበባቸውን ቃላት ይቁጠር፤ ከዚያ ስለ ምንባቡ ሦስት ጥያቄ ይጠይቀው። ይህን በኅዳርና በግንቦት አድርጋችሁ በመዝገብ ካሰፈራችሁት፣ ድርጅቱ ሲመጣ ችግራችሁን ከእናንተ ይሰማል፣ ሲሄድም ያመጣውን ለውጥ ከእርሱ ሪፖርት ሳይሆን ከመዝገባችሁ ታነባላችሁ። ከምነግራችሁ ሁሉ አንዱን ብቻ የምታደርጉ ቢሆን ይህን አድርጉ።

ቀጥሎ ቋንቋው ነው። በከተማችሁ ልጆች በሐረሪኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይማራሉ። ድርጅቶች ብዙውን ጊዜ የተዘጋጀ የአማርኛና የአፋን ኦሮሞ ቁሳቁስ ይዘው ይመጣሉ፤ ሐረሪኛ ተማሪው ጥቂት፣ የኅትመት ወጪው ደግሞ ለአንድ ልጅ ሲታሰብ ከፍተኛ በመሆኑ «በሁለተኛው ዙር» እየተባለ ይታለፋል። ሁለተኛው ዙር ሳይመጣ ፕሮጀክቱ እንዳያልቅ፣ ሦስቱም ቋንቋዎች ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ እንዲካተቱ በመግባቢያ ሰነዱ ላይ አስጽፉ። የድርጅቱ በጀት ለሐረሪኛው የማይበቃ ከሆነ በከተማው መምህራንና አዛውንቶች እርዳታ የሚዘጋጁ ጥቂት ተረቶችን በቀላል ወረቀት ማባዛት ይቻላል፤ ከምንም ይሻላል ማለቴ ሳይሆን፣ ልጅ በአያቱ ቋንቋ የሰማውን ተረት በፊደል ሲያገኘው ለማንበብ የሚያሳየውን ጉጉት አይቼ ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ ሥልጠናው የሚሰጥበት መንገድ ነው። ሁለት መምህራንን ወደ ሌላ ከተማ ሆቴል ወስዶ ለአምስት ቀን አሠልጥኖ የውሎ አበል ከፍሎ መመለስ የተለመደ ነው፤ የተመለሱት መምህራን ከተዛወሩ ግን ሥልጠናው አብሮ ይዛወራል። በምትኩ ሥልጠናው በትምህርት ቤታችሁ ውስጥ፣ ከተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያው ጋር ተያይዞ፣ ሁሉም የመጀመሪያ ክፍሎች መምህራን በተገኙበት እንዲሰጥና አሠልጣኙ በየወሩ ክፍል ገብቶ አይቶ የሚመክር እንዲሆን ጠይቁ። መምህራኑ አበል ስለሚቀርባቸው ሊያጉረመርሙ ይችላሉ፤ የመምህር ኑሮ ምን እንደሚመስል ስለማውቅ አልፈርድባቸውም። ነገሩን ሳትሸሽጉ አስቀድማችሁ ብትነጋገሩበት ከኋላ ቅሬታ ትድናላችሁ።

የሰፈር የንባብ ቡድን ከታሰበ ደግሞ ሰዓቱን ከቁርኣን አስተማሪዎችና ከሰንበት ትምህርት ቤት ኃላፊዎች ጋር ሳትመክሩ አትወስኑ። ከሰዓት በኋላ የልጆቹ ጊዜ ባዶ ነው ብሎ የሚያስብ ከሩቅ የመጣ ሰው ነው። በሐረር እንደ አፎቻ ያለ ለደስታም ለኀዘንም ሰው የሚሰበሰብበት ማኅበር መኖሩ ብዙ ከተሞች ያላገኙት ጸጋ ነው፤ የንባብ ቡድኑን ቦታና ጠባቂ አፎቻው ወይም እድሩ ቢይዘው፣ ድርጅቱ ሲወጣ ቡድኑ አይበተንም።

ስለ መውጣት ካነሳሁ አይቀር፣ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን በድንገት ሲያቆም የሆነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በዚያ ገንዘብ ይንቀሳቀሱ የነበሩ ብዙ ድርጅቶች በትምህርት ዘመኑ አጋማሽ ሠራተኞቻቸውን አሰናብተው ሥራ አቋርጠዋል። የሦስት ዓመት ቃል የገባ ድርጅት በአሥረኛው ወር ሊሄድ እንደሚችል ታሳቢ አድርጋችሁ፣ በእያንዳንዱ ዓመት መጨረሻ ምን ለትምህርት ቤቱ ተላልፎ እንደሚያልቅ በውሉ ውስጥ ለዩ። በአንጻሩ ከእናንተ አቅራቢያ የረጅም ጊዜ ምሳሌ አለ፤ ካርልሃይንዝ ቦም እ.ኤ.አ. በ1981 የመሠረቱት «ሰዎች ለሰዎች» ሥራውን የጀመረው በሐረርጌ በኤረር ሸለቆ ነበር፤ በሐረር የሚገኘው የአግሮ ቴክኒክና ቴክኖሎጂ ኮሌጅም የዚሁ ድርጅት ሥራ ነው። በአንድ አካባቢ ውሃውን፣ ጤናውንና ትምህርቱን አያይዞ ዓመታትን የቆየ ድርጅት የሚተወው ነገር የሚበረክት መሆኑን ከዚህ መማር ይቻላል።

በመጨረሻም የሕግ ነገር። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አንድ ድርጅት ለአስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ በላይ እንዳያውል ይከለክላል። ስለዚህ ለእናንተ ትምህርት ቤት የተመደበውን በጀት ማየት መጠየቅ ነውር አይደለም። ድርጅቱ ከክልሉ ቢሮዎች ጋር የተፈራረመውን የፕሮጀክት ስምምነት ቅጂም ጠይቃችሁ በትምህርት ቤቱ ማኅደር አስቀምጡ፤ ርዕሰ መምህር ሲቀየር የሚተካው ሰው ምን ቃል እንደተገባ የሚያውቅበት ሌላ መንገድ የለውምና።

ጥያቄ፦ «በድሬዳዋ ለገሃሬ አካባቢ የሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አባል ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በውጭ ድርጅት ተሠርቶ የተመረቀው ቤተ መጻሕፍታችን ተቆልፎ ይውላል። መጻሕፍት ይጠፋሉ ተብሎ ነው። ምን እናድርግ?»

መልስ፦ ወንድማችን፣ ተቆልፎ በአቧራና በምስጥ የሚበላ መጽሐፍ በልጅ እጅ ከጠፋ መጽሐፍ የበለጠ ጠፍቷል። በመጀመሪያ የርክክብ ሰነዱን አስፈልጋችሁ ንብረቱ በማን ስም እንደተመዘገበ እወቁ፤ በአብዛኛው በሩ የሚቆለፈው አንድ መምህር ወይም የንብረት ክፍል ሠራተኛ ለጠፋው ሁሉ ከደመወዙ እንዳይቆረጥበት ስለሚፈራ ነው። ኅብረታችሁ በቃለ ጉባኤ፣ በአገልግሎት ምክንያት ያረጀና የጠፋ መጽሐፍ በዓመት እስከዚህ ቁጥር ድረስ አያስጠይቅም ብሎ ከአስተዳደሩ ጋር ቢስማማ ፍርሃቱ ግማሽ ይቀንሳል።

ከዚያ መጻሕፍቱን ለዩ። ከውጭ ተለቅመው የመጡ፣ ለልጆቹ የማይሆኑ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጻሕፍት መደርደሪያውን ይዘው ከሆነ አውጡአቸው። ልጆች የሚያነቧቸውን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማልኛ የተጻፉትን በካርቶን ከፋፍላችሁ ወደ ክፍሎቹ ላኩ፤ በድሬዳዋ ሙቀት ከሰዓት በኋላ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወዳለ ጠባብ ክፍል ገብቶ የሚያነብ ልጅ ከመጠበቅ፣ መጽሐፉን ወደ ኒም ዛፉ ጥላ ማውጣት ይቀላል። ካርቶኑን የሚቆጥሩት ተማሪዎቹ ራሳቸው ይሁኑ። ይህን ባደረገ ትምህርት ቤት በዓመቱ የጠፋው ከተፈራው እጅግ ያነሰ ሆኖ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ «ነዋሪነቴ በውጭ አገር የሆነ የድሬ ልጅ ነኝ። ከዚራ አብረን ያደግን ጓደኞች ተሰባስበን የቀድሞ ትምህርት ቤታችንን ለመርዳት የራሳችንን ድርጅት ልናቋቁም አስበናል። ኮምፒውተሮች ልከን ብንጀምርስ?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያሳደጋችሁን ትምህርት ቤት ማሰባችሁ ያስመሰግናችኋል። ድርጅት ማቋቋም ግን ምዝገባ፣ ኦዲት፣ ዓመታዊ ሪፖርትና ቢሮ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ለአንድ ትምህርት ቤት ይህን ሁሉ ከመሸከም፣ በድሬዳዋ ተመዝግቦ ከሚሠራ አገር በቀል የሕፃናትና የማኅበረሰብ ልማት ድርጅት ጋር በአንድ ስምምነት መሥራት ወጪያችሁንም ድካማችሁንም ይቀንሳል።

ኮምፒውተሩን በተመለከተ፣ ከመላካችሁ በፊት ትምህርት ቤቱን የማሻሻያ ዕቅዱን ጠይቁት። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በመማር ማስተማር፣ በምቹ የትምህርት አካባቢ፣ በአመራርና በኅብረተሰብ ተሳትፎ የተከፈለ የማሻሻያ ዕቅድ እንዲኖረው ይጠበቃል፤ እዚያ ውስጥ ቅድሚያ የተሰጠው የመጠጥ ውሃ ወይም የክፍል ጣሪያ ሆኖ ታገኙት ይሆናል። ያገለገለ ኮምፒውተር ልካችሁ የኤሌክትሪክ መስመሩ የማይሸከመው፣ የሚጠግነው ሰው የሌለ ከሆነ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጎን ሌላ የተቆለፈ ክፍል መጨመር ይሆናል።

ርዕሰ መምህሩን ብቻ አታነጋግሩ። የወላጆቹን ኅብረት፣ ቢቻል ደግሞ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችን «ትምህርት ቤታችሁ ውስጥ አንድ ነገር ብትቀይሩ ምን ትቀይራላችሁ?» ብላችሁ በጽሑፍ አስጠይቁ። ትምህርት ቤቶች የዓመቱን ዕቅድ የሚያጠናቅቁት ከመስከረም በፊት በመሆኑ፣ ጥያቄያችሁ በሰኔ ወይም በሐምሌ ቢደርሳቸው መልሱ ከዕቅዱ ጋር አብሮ ይመጣላችኋል።